ፓይተንን ከ3.8 ወደ 3.13 ማሸጋገር፦ አሮጌው ሳይጠፋ፣ ዳታ ሳይባክን

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ መንገድ ባሉ ትንንሽ ድርጅቶች የተለመደው እንዲህ ነው፦ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ላዩ ላይ ፓይተን 3.8፣ በእሱ የሚሠራ የክፍያ ወይም የዕቃ መመዝገቢያ። ፓይተን ሊያሻሽሉ የሚነሱ ሰዎች ደግሞ ደጋግመው የሚወድቁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ 3.8ን ያጠፋሉ። ቀጥለው 3.13ን ይጭናሉ። ላይብረሪዎቹን (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ማውረድ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ መሀል ላይ የዳታ ፓኬጁ ያልቃል ወይም መብራት ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ወላጅ ሊከፍል ሲመጣ የሚከፈት ፕሮግራም የለም።

ችግሩ ከቅደም ተከተሉ ነው። ይህ መመሪያ አሮጌው እየሠራ አዲሱን ጎን ለጎን እንዴት እንደምታቆሙ፣ ምን ምን እንደሚሰበርና ሲሰበር ምን እንደምታደርጉ በተራ ያሳያል።

ምሳሌ አድርገን የምንይዘው የአንድ የግል ትምህርት ቤት የክፍያ መመዝገቢያ ነው። የተማሪዎችን ስም በአማርኛ ከሲኤስቪ ፋይል ያነባል፣ ክፍያውን ኤስኪውላይት በሚባል በአንድ ፋይል ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ማታ ማታ ለወላጆች በቴሌግራም ቦት ማስታወሻ ይልካል። የእናንተ የሱቅ ወይም የመጋዘን ከሆነም ደረጃዎቹ አይለወጡም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ ትእዛዞቹ እዚህ የሰፈሩት በንባባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፤ ነጥቡ፣ ሰረዙና ክፍት ቦታው እንዳለ ይቀመጣል። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እንነግራችኋለን።

## ከመነሳታችሁ በፊት

ዊንዶውሳችሁ ስንት እንደሆነ እዩ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ፤ እሱ ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። 3.13 ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አስገድዶ የሚጭን ነገር ከቴሌግራም ቻናል አውርዳችሁ አትሞክሩ፤ የሰው ገንዘብ የሚመዘገብበት ማሽን ነው። መጀመሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቀይሩ።

ማሽኑ 64 ቢት መሆኑንም አረጋግጡ፤ ለ32 ቢት ፋይል የማያወጡ ላይብረሪዎች እየበዙ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ፣ አንድ ፍላሽ እና ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ያዙ። ባትሪው የማይዝ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ዳታቤዝ የሚነካውን ሥራ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰዓት አትጀምሩ።

ለምን 3.13? የወጣው መስከረም 27 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2024) ነው፤ የ3.8 ድጋፍ ያበቃውም በዚያው ወር ነው። 3.13 የደኅንነት ማስተካከያ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2029 ያገኛል። 3.14 ከአንድ ዓመት በኋላ ወጥቷል፤ ግን ከ3.8 ለሚነሳ ሰው 3.13 ይሻላል። ኮዱን የማስተካከሉ ድካም ያው ነው፣ ቆየት ካሉት ላይብረሪዎች በ3.13 የሚሠሩት ግን ይበዛሉ።

## ደረጃ 1፦ ያላችሁን ቁጠሩ፣ ቅጂ ያዙ

1. ፕሮግራሙን ዝጉ። ኤስኪውላይት ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ቢገለበጥ ቅጂው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ በተመሳሳይ ስም ተነስቶ «-ዋል» የሚል ጭራ ያለው ፋይል ካለ እሱንም አብራችሁ ውሰዱ፤ የመጨረሻዎቹ ክፍያዎች እዚያ ውስጥ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

2. ሙሉ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ዳታቤዙን ከፍላሹ ላይ ከፍታችሁ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር አመሳክሩ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

3. የተጫኑትን ላይብረሪዎች ከነቁጥራቸው አውጡ፦

   ፓይ -3.8 -ኤም ፒፕ ፍሪዝ > አሮጌ.ቲኤክስቲ

   «ፓይ» በላቲን በፒ እና በዋይ የሚጻፍ ሲሆን የትኛው ፓይተን እንደሚነሳ የሚመርጥ የዊንዶውስ ትእዛዝ ነው፤ ፒፕ ላይብረሪ የሚያወርድና የሚጭን መሣሪያ ነው። በቬንቭ (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የተለየ ፓይተንና ላይብረሪ የሚይዝ ፎልደር) ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ አክቲቬት አድርጉ፣ «ፓይ -3.8» በሚለው ቦታም «ፓይተን» በሉ።

4. ይህን ዝርዝር 3.13 ላይ አትጫኑት። የብዙዎች ስህተት ይኸው ነው። ዝርዝሩ እናንተ የጠራችኋቸውን ብቻ ሳይሆን እነሱ ተከትለው ያመጧቸውንም ከአሮጌ ቁጥራቸው ጋር ይዟል፤ አብዛኞቹ ለ3.13 የተዘጋጀ ፋይል የላቸውም። የእናንተን ብቻ ለማግኘት፦

   ፓይ -3.8 -ኤም ፒፕ ሊስት --ኖት-ሪኳየርድ

   የሚወጣውን «አዲስ.ቲኤክስቲ» በሚል ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ስሙን ብቻ ጻፉ። ቁጥሩን ለጊዜው ተዉት።

## ደረጃ 2፦ ከፓይተን የወጡትን ሞጁሎች ፈልጉ

3.8 ላይ ማስጠንቀቂያ አብርቶ ኮዱን ማስኬድ በቂ ይመስላል፤ አይበቃም። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል ሊወጣ እንደሆነ የተነገረው በ3.10 ነው፤ ሌሎቹ ብዙዎቹ በ3.11። 3.8 ይህን አያውቅምና ዝም ይላችኋል። ስለዚህ በዓይንና በፍለጋ ነው የሚገኘው። በኮድ መጻፊያችሁ «በሁሉም ፋይሎች ፈልግ» የሚለውን ከፍታችሁ እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ አስሱ።

በ3.10 የወጡ፦ ከኮሌክሽንስ በቀጥታ የሚጠሩት ማፒንግ፣ ኢተረብል እና መሰሎቻቸው። አሁን ያሉት ኮሌክሽንስ.ኤቢሲ ውስጥ ነው፤ የኢምፖርት መስመሩን መቀየር ይበቃል።

በ3.12 የወጡ፦ ዲስትዩቲልስ፣ ኢምፕ፣ ኤሲንክኮር፣ ኤሲንክቻት፣ ኤስኤምቲፒዲ። በኢምፕ ምትክ ኢምፖርትሊብ ግቡ። ከኮንፊግፓርሰር ሴፍኮንፊግፓርሰር ወጥቷል፤ «ሴፍ» የሚለውን ብታነሱ ይሠራል። በዩኒትቴስት ደግሞ አሰርትኢኩዋልስ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ኤስ የሌለው ቀርቷል።

በ3.13 የወጡ፦ አሥራ ዘጠኝ አሮጌ ሞጁሎች በአንድ ጊዜ። ከእነሱ በእኛ ሰፈር ኮድ ውስጥ ደጋግመው የሚገኙት ሲጂአይ፣ አይኤምጂኤችዲአር፣ ኦዲዮኦፕ፣ ክሪፕት፣ ፓይፕስ እና ቴልኔትሊብ ናቸው።

የወጣው ሞጁል በእናንተ ኮድ ውስጥ ካለ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ላይብረሪው ውስጥ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ድምፅ የሚቆርጠው ፓይደብ ኦዲዮኦፕን ይጠራል፤ «ፓይኦዲዮኦፕ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል ኤረር ካያችሁ «ኦዲዮኦፕ-ኤልቲኤስ»ን አውርዳችሁ ጨምሩ። ለሲጂአይም «ሌጋሲ-ሲጂአይ» አለ።

### የቴሌግራም ቦቱን ለብቻው እዩት

ብዙ የአገራችን ቦቶች የተጻፉት በፓይተን-ቴሌግራም-ቦት 13 ነው። እሱ ምስል ለመለየት አይኤምጂኤችዲአርን ይጠራልና 3.13 ላይ ገና ሲነሳ ይወድቃል። በ3.12ም ውስጡ ያለ ሌላ አሮጌ ቁራጭ ያስቸግረዋል። ሁለት መንገድ አላችሁ።

አንደኛው ወደ 20 እና ከዚያ በላይ ማሳደግ ነው። ይህ ግን አፕዴት ሳይሆን ኮዱን እንደገና መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ ፈንክሽን ፊቱ ላይ «ኤሲንክ» ይጨመርለታል፤ እያንዳንዱ መልእክት መላኪያ «አዌይት» ይቀድመዋል፤ አፕዴተር የነበረው በአፕሊኬሽን ይተካል፤ «ፊልተርስ» በትንሽ ፊደል ይጀምራል። አደገኛው አንድ «አዌይት» መርሳት ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ «አልተጠበቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ያሳይና መልእክቱ ሳይላክ ይቀራል። ወላጅ ማስታወሻ አልደረሰኝም እስኪል ድረስ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው መንገድ ቦቱን በ3.11 ለብቻው ማቆየት ነው፤ የእኛ ምክር ይህ ነው። ቦቱና መመዝገቢያው አንድ ፓይተን ላይ መሆን የለባቸውም። የ3.11 የመጨረሻው የዊንዶውስ መጫኛ 3.11.9 ነው፤ እሱን አውርዱ። መመዝገቢያው 3.13 ላይ ከተረጋጋ በኋላ ቦቱን በረጋ መንፈስ ትጽፉታላችሁ።

## ደረጃ 3፦ 3.13ን ከጎን ጫኑ

1. ከፓይተን ኦፊሴላዊ ገጽ ለ64 ቢት ዊንዶውስ የሚሆነውን የ3.13 መጫኛ አውርዱ። 30 ሜጋባይት አይሞላም።

2. መጫኛው ሲከፈት «ወደ ፓዝ ጨምር» የሚለውን ሳጥን ምልክት አታድርጉበት። ብዙ ቪዲዮ ምልክት አድርጉ ይላል፤ ለጀማሪ ልክ ነው። ፓዝ ዊንዶውስ ትእዛዝ ሲጻፍለት ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ እናንተ ግን አሮጌው ሳይነካ እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ።

3. «ፍሪ-ትሬድድ» የሚል አማራጭ ካያችሁ ባዶ ተዉት። ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው።

4. ሲያልቅ «ፓይ -0» ብላችሁ ጻፉ። 3.8ም 3.13ም ተዘርዝረው መታየት አለባቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፎልደር አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም።

አሁን አንድ ወጥመድ። «ፓይ» ቁጥር ካልሰጣችሁት አዲሱን ነው የሚመርጠው። ጠዋት ጠዋት መመዝገቢያውን የሚያስነሳው የባች ፋይል ውስጥ «ፓይ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ 3.13ን በጫናችሁበት ደቂቃ ፕሮግራሙ ሳታስቡት ተሸጋገረ ማለት ነው፤ ላይብረሪ ስለሌለውም ይወድቃል። መፍትሔው በዊንዶውስ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ «ፒዋይ_ፓይተን» የሚል ስም በትልልቅ ፊደል ከፍታችሁ ዋጋውን 3.8 ማድረግ ነው። ተርሚናሉን ዘግታችሁ ክፈቱና «ፓይ -0»ን ድገሙ፤ ኮከቧ 3.8 ጎን መሆን አለባት።

«ፓይተን» ስትሉ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ከተከፈተ መጫኑ አልተበላሸም። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የአፕ ኤክስኪዩሽን አሊያስ የሚለውን ፈልጋችሁ የፓይተኖቹን ማብሪያ አጥፉ።

ኡቡንቱ ላይ ላላችሁ፦ ከሲስተሙ ጋር የመጣውን ፓይተን አትንኩ፣ ሊንኩንም ወደ 3.13 አታዙሩት። የሲስተሙ መሣሪያዎች በእሱ ነው የሚሠሩት፤ ተርሚናሉ ራሱ መከፈት ሊያቆም ይችላል። ኡቡንቱ 24.04 ከ3.12 ጋር ይመጣል፤ እሱ ይበቃችኋል፣ ቬንቭ ከፍታችሁ ሥሩ። ከቬንቭ ውጭ ፒፕ ስትጠቀሙ «ከውጭ የሚተዳደር» የሚል ኤረር ከመጣ መልእክቱን ለማለፍ አትሟገቱ፤ ቬንቭ ግቡ ማለቱ ነው።

## ደረጃ 4፦ ላይብረሪዎቹን ዋይፋይ ካለበት አውርዱ

ላፕቶፑን ይዛችሁ ዋይፋይ ወዳለበት ሂዱ። በሌላ ሰው ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ግን የዚያ ማሽን ፓይተን የተለየ ከሆነ የሚጎድል ፋይል ይኖራል፤ ጉድለቱ የሚታየውም ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው።

   ፓይ -3.13 -ኤም ፒፕ ዳውንሎድ --ኦንሊ-ባይነሪ=:ኦል: -ዲ ዊሎች -አር አዲስ.ቲኤክስቲ

መሀል ላይ ያለው ቃል የተዘጋጀ ፋይል ብቻ አምጣ የሚል ነው። ካልጻፋችሁት ፒፕ ጥሬ ኮዱን አውርዶ ማሽናችሁ ላይ ሊገነባው ይሞክራል፤ ለዚያ ብዙ ጊጋባይት የሚሆን የማይክሮሶፍት መገንቢያ ይጠይቃችኋል።

«የሚገጥም አልተገኘም» የሚል ኤረር ሲመጣ፣ ያ ላይብረሪ በጠየቃችሁት ቁጥር ለ3.13 ፋይል የለውም ማለት ነው። የተለመዱትን ይኸውላችሁ፦ ነምፓይ ከ2.1፣ ፓንዳስ ከ2.2.3፣ ፒሎው ከ11.0 ጀምሮ 3.13ን ይደግፋሉ። ጃንጎ ከ5.1.3 ጀምሮ ነው፤ ረጅም ድጋፍ ያለውን ከፈለጋችሁ 5.2ን ያዙ። ጃንጎ 3.2 ላይ ያላችሁ በአንድ ዝላይ 5.2 አትግቡ። በመጀመሪያ 4.2 ላይ አስተካክላችሁ ማይግሬሽኑን ጨርሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ። 4.2 በፓይተን 3.8 ላይም ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ 3.8ን ሳትለቁ መጨረስ ትችላላችሁ።

የማውረጃውን ትእዛዝ ከማስኬዳችሁ በፊት በ«አዲስ.ቲኤክስቲ» መጨረሻ ሁለት ስም ጨምሩ፦ ሰትአፕቱልስ እና ቲዜድዳታ። የመጀመሪያው ከ3.12 ጀምሮ አዲስ ቬንቭ ውስጥ አብሮ አይመጣም። አንዳንድ ላይብረሪ ፒኬጂ_ሪሶርስስ የሚል ነገር ከጠየቀ ከ81 በታች ያለውን ሰትአፕቱልስ ያዙ። ሁለተኛው የምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ።

ኔትወርክ መሀል ላይ ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙ። ሙሉ የወረዱት ከካሽ ይወሰዳሉ፣ ዳታ አይበሉም። ስለዚህ ካሹን የሚዘልለውን አማራጭ አትጨምሩ።

ከቦታው ከመነሳታችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፉና ደረጃ 5ን እዚያው ሥሩ። የጎደለ ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ማብራትና ማውረድ ትችላላችሁ። ይህን አሥር ደቂቃ የሚዘሉ ሰዎች ለአንዲት 40 ኪሎባይት ፋይል ተመልሰው ታክሲ ይይዛሉ።

## ደረጃ 5፦ አዲስ ቬንቭ ክፈቱ

   ፓይ -3.13 -ኤም ቬንቭ ቬንቭ313

አሮጌውን ቬንቭ ገልብጣችሁ ስሙን አትቀይሩ፤ ውስጡ ያሉት አድራሻዎች ወደ 3.8 ነው የሚያመለክቱት።

አሁን ቬንቭ313ን አክቲቬት አድርጉ። ፓወርሼል ላይ አክቲቬት ስትሉ «ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከመጣ ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት ተጠቀሙ፤ እዚያ ይህ ክልከላ የለም። ከዚያ፦

   ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ ዊሎች -አር አዲስ.ቲኤክስቲ

በስኬት ካለቀ ወዲያው ፍሪዝ አድርጋችሁ «አዲስ-ቁጥር.ቲኤክስቲ» ብላችሁ አስቀምጡ። ነገ ሌላ ማሽን ላይ ስትጭኑ የምትይዙት እሱን ነው።

## ደረጃ 6፦ ኮዱን በተራ አስተካክሉ

ፎልደሩን ገልብጡና በቅጂው ላይ ሥሩ። ዳታቤዙም ቅጂ ይሁን።

### ሀ. መጀመሪያ ሳታስኬዱ ፈትሹ

   ፓይተን -ደብሊው ኤረር -ኤም ኮምፓይልኦል -ኤፍ -ኪው ኮድ

እዚህ ደብሊው ትልቅ ፊደል ነው፤ «ኮድ» የእናንተ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ስም ነው። ቬንቩን አብራችሁ አታስገቡ፣ በሰው ላይብረሪ ማስጠንቀቂያ ትጥለቀለቃላችሁ። በብዛት የሚወጣው ስለ ኋላ-ስላሽ ነው፦ በሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ውስጥ ያለ ስላሽ-ዲ ወይም የዊንዶውስ የፋይል አድራሻ። ከ3.12 ጀምሮ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ከጥቅሱ በፊት አንዲት «አር» መጨመር ይበቃል።

### ለ. የአማርኛ ፋይል አከፋፈት

አብዛኛው ሰው የሚሰቃየው እዚህ ነውና ቆም ብለን እንየው። ዊንዶውስ ላይ «ኦፕን» ብላችሁ ኢንኮዲንግ ካልነገራችሁት ፓይተን ብዙ ጊዜ ሲፒ1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሠንጠረዥ ይይዛል። በ3.13ም ይኸው ነው። አማርኛ ልትጽፉ ስትሞክሩ «ቻርማፕ» የሚል ኤረር ይዞ ይቆማል፤ ይህ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታያል።

ሲነበብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ከግዕዝ ፊደላት እያንዳንዱ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሲፒ1252 ውስጥ ደግሞ አምስት ባዶ ቁጥሮች አሉ። ከሦስቱ ባይቶች አንዱ ባዶው ላይ ካረፈ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ካላረፈ ዝም ብሎ ቆሻሻ ያነባል። «አበበ» የሚለው ስም ካለ ምንም ኤረር ያልፋል፤ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ግን ዘዬ የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። «ፍቅሩ» ግን ይቆማል፤ የፈ፣ የፀ እና የፐ ቤቶች በሙሉ፣ እንዲሁም አራት ነጥብ ያንን ባዶ ይነካሉ። «ል» እና «ም» እንደዚሁ። ስለዚህ ሙከራችሁን «አበበ» እና «ከበደ» በሚል ዝርዝር ብቻ ብታደርጉ «ይሠራል» ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ የሚነበበው ግን ተበላሽቷል።

ፍለጋውን የሚያቀል ነገር ከ3.10 ጀምሮ አለ፦

   ፓይተን -ኤክስ ዋርን_ዲፎልት_ኢንኮዲንግ ሜይን.ፒዋይ

ኤክሱ ትልቅ ፊደል ነው። ኢንኮዲንግ ያልተጻፈበት «ኦፕን» በሄደ ቁጥር የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። እያንዳንዱ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉበት። በኤክሴል ለሚከፈት ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8-ሲግ አድርጉ፤ አለዚያ ኤክሴል ራሱ አማርኛውን ያበላሸዋል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ፕሮግራሙ ተበላሸ ብላ ትደውላለች።

ፓይተን በ3.15 ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ እንዲያደርግ ተወስኗል። ዛሬ መጻፉ ያኔም አይጎዳችሁም።

### ሐ. ሰዓትና ቀን

ከ3.12 ጀምሮ «ዩቲሲናው» የሚለውን ስትጠሩ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አልወጣም፤ ያስጠነቅቃል ብቻ። ሌላው ሁሉ እስኪሠራ ተዉትና በመጨረሻ ንኩት፤ ቸኩለው የሚቀይሩት ሌላ ነገር ይሰብራሉ።

ምትኩ ዴትታይም.ናው ውስጥ ዩቲሲን (የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት) መስጠት ነው። አዲሱ የሰዓት ቀጠና ያለው ጊዜ ይመልሳል፣ አሮጌው የሌለው ነበር። ሁለቱን ስታወዳድሩ «ማወዳደር አይቻልም» የሚል ታይፕኤረር ይመጣል። ስለዚህ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው የለም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁሉንም፣ ከዳታቤዝ የሚነበበውንም ጭምር።

የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ይቀድማል። በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ነገር በዩቲሲ የትናንት ቀን ይይዛል። ትምህርት ቤት በዚያ ሰዓት ክፍያ አይቀበልም፤ የሌሊት ባክአፕና የዳቦ ቤት ሽያጭ ግን እዚያው ነው የሚወድቀው። ለሪፖርት ዞንኢንፎ የሚባለውን ሞጁል ያዙ፤ ከ3.9 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ቀጠናው በላቲን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ነው፤ የሦስቱም ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ትልልቅ ናቸው። ዊንዶውስ ግን የቀጠና ሠንጠረዥ ስለሌለው «አልተገኘም» ይላችኋል። ደረጃ 4 ላይ ቲዜድዳታን ያስወረድናችሁ ለዚህ ነው።

ኤስኪውላይት ላይ ጊዜን በቀጥታ መጻፍም ከ3.12 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ ጻፉ፤ ግን አይሶፎርማት ስትሉ በቅንፉ ውስጥ ባዶ ቦታ ስጡት። ካልሰጣችሁት በቀኑና በሰዓቱ መሀል «ቲ» ፊደል ይገባል፤ አሮጌዎቹ መዝገቦች ደግሞ ባዶ ቦታ ነው ያላቸው። በተሸጋገራችሁበት ቀን ችግር ገጥሟችሁ ወደ አሮጌው ብትመለሱ፣ ጠዋት በ«ቲ» የተጻፈው ማታ በባዶ ቦታ ከተጻፈው በኋላ ይደረደራል፤ የደረሰኝ ቅደም ተከተል ይዛባል።

### መ. የቀሩት

ነምፓይ የምትጠቀሙ «ኤንፒ.ፍሎት» ብላችሁ ከሆነ ተራ «ፍሎት» አድርጉት፤ የመጀመሪያው ከ1.24 ጀምሮ የለም። ሌላው ማስጠንቀቂያ አብርታችሁ ስታስኬዱ ራሱ ይመጣል፦ «-ኤክስ ዴቭ» በሉና ከመመዝገቢያው ገጾች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ክፈቱ።

## ደረጃ 7፦ የትኞቹን አዳዲስ ነገሮች ልጠቀም?

ኮዱ ከሠራ በኋላ ብቻ። በሽግግሩ መሀል አዲስ አጻጻፍ ካስገባችሁ ወደ 3.8 መመለሻው ይዘጋል።

መጀመሪያ ሪሙቭፕሪፊክስን ውሰዱ፣ ከ3.9 ነው። ከስልክ ቁጥር ላይ +251ን ለማንሳት «ኤልስትሪፕ» የጻፋችሁ ሁሉ ስህተት አለባችሁ። ኤልስትሪፕ ቃሉን አይደለም የሚያነሳው፤ ከፊት ያገኘውን የ+፣ የ2፣ የ5 እና የ1 ምልክት በሙሉ እየበላ ይሄዳል። በ9 የሚጀምር ሞባይል ይተርፋል፤ በ11 የሚጀምረው የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ግን ፊቱ ይበላል።

ከ3.12 ባችድ የሚባለው ኢተርቱልስ ውስጥ አለ፤ የወላጆችን ዝርዝር በ25 በ25 ከፋፍሎ መልእክት ለመላክ ይሆናል፤ የቴሌግራም ቦት በሰከንድ ከ30 ገደማ በላይ መልእክት እንዳይልክ ስለተገደበ። ቦቱን በ3.11 ካቆያችሁት ግን እዚያ የለም። የኤፍ-ስትሪንግ ጥቅሶች በ3.12 ነጻ ሆነዋል፤ ሆኖም ሰርቨራችሁ አሮጌ ፓይተን ላይ ከሆነ ያ መስመር እዚያ አይነሳም።

የኤረር መልእክቶቹ ምንም ሳትሠሩ የምታገኙት ጥቅም ነው። ከ3.11 ጀምሮ ከመስመሩ ውስጥ የትኛው ቁራጭ እንደወደቀ ያሰምርበታል፤ 3.13 ቀለም ጨምሯል፤ ፋይላችሁን «ራንደም.ፒዋይ» ብላችሁ ከሆነ ከፓይተኑ ሞጁል ጋር በስም እንደተጋጨ ይጠቁማችኋል። ፍጥነቱን በተመለከተ 3.11 በራሱ መለኪያ ከ3.10 በአማካይ በ25 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ዳታቤዝ የሚጠብቅ ገጽ ግን በዚህ አይፈጥንም።

## ደረጃ 8፦ ጎን ለጎን አስኪዱ፣ ከዚያ አዙሩ

1. ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ዋናው በ3.8 ይሥራ። ማታ ማታ የዳታቤዙን ቅጂ ለ3.13 ስጡና የዕለቱን ድምርና የደረሰኝ ብዛት አመሳክሩ። ሁለቱን በአንድ ዳታቤዝ ላይ አታጽፉ። ጊዜው ጳጉሜን ላይ ከወደቀ የቀን መቀየሪያ ኮዳችሁን ያኔ ፈትኑት።

2. ቁጥሮቹ ከገጠሙ የባች ፋይሉን ወይም የታስክ ሼጁለሩን መስመር ቀይሩ። «ፓይ» አትበሉ፤ ቬንቭ313 ውስጥ፣ ስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፓይተን በሙሉ አድራሻው ጻፉ። የድሮውን መስመር አትሰርዙ፣ ፊቱ ላይ «ሬም» (መስመሩን እንዳይሠራ የሚያደርግ ቃል) ብላችሁ አስቀሩት።

3. ችግር ከመጣ መስመሩን መልሱ። ሁለት ደቂቃ ነው። የማይመለስ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ሼልቭ (ዳታን ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ የፓይተን ሞጁል) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ 3.13 አዲስ የሚፈጥረው ፋይል ውስጡ ኤስኪውላይት ነው፤ 3.8 አይከፍተውም። የነበረውን ፋይል ሁለቱም ያነቡታል፤ አዲስ ከመፍጠራችሁ በፊት ይህን አስቡ።

4. ከሁለተኛው የወር መዝጊያ በኋላ «ፒዋይ_ፓይተን»ን አጥፉ፣ ከዚያ 3.8ን ከዊንዶውስ የፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ አራግፉ። የ«ዊሎች» ፎልደሩንና «አዲስ-ቁጥር.ቲኤክስቲ»ን ፍላሹ ላይ አቆዩ፤ ላፕቶፑ ነገ ቢበላሽ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ኢንተርኔት የምታቆሙት በእነሱ ነው።